የገባበት ቀንና የሚወጣበት ቀን፦ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ቆጣቢ ገንዘብ የሚያጣው የት ነው?

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ ባንክ 400,000 ብር ለማዛወር ቅርንጫፍ ውስጥ ቆሜ ቅጽ እሞላለሁ። መጠኑ በስልክ መተግበሪያ በአንድ ቀን እንዲተላለፍ ከሚፈቀደው ስለሚበልጥ ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ተቀባዩ ባንክ ገንዘቡን ለአንድ ዓመት በ13 በመቶ ወለድ ሊያስቀምጥልኝ ተስማምቶ ሒሳቡን አስቀድሞ ከፍቶልኛል፤ ውሉ የሚፈረመውም ገንዘቡ ሲገባ እንደሆነ ነግሮኛል። በእጄ ከጻፍኩት የሒሳብ ቁጥር ውስጥ አንዷን «1» ቅጹን ወደ ኮምፒውተር ያስገባችው ሠራተኛ «7» ብላ አነበበቻት። ገንዘቡ ከሒሳቤ ወጣ፣ የታሰበው ቦታ ግን አልደረሰም። ቅዳሜና እሑድ እንዲሁ አለፉ፤ ሰኞ በዓል ነበር፤ ማክሰኞ ጠይቄ «ይጣራል» ተባልኩ። ተመልሶ፣ እንደገና ተልኮ፣ ውሉ ሲፈረም ዘጠኝ ቀን ሞልቶ ነበር። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ገንዘቤ በላኪው ባንክም በተቀባዩም ባንክ ወለድ አላገኘም። በ13 በመቶ ሲሰላ ያጣሁት 1,282 ብር ነው።

ይህ መጠን ማንንም አያደኸይም። ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሰዎች ስለ ጊዜ ገደብ ተቀማጭ ሲነጋገሩ ባዳመጥኩ ቁጥር አንድ ነገር ታዘብኩ፤ ወሬው ሁሉ ስለ ወለዱ መቶኛ ነው። እገሌ ባንክ 14 ይሰጣል፣ እገሌ ደግሞ ከተደራደሩት እስከዚህ ድረስ ይወጣል ይባባላሉ። ገንዘቡ በየትኛው ቀን እንደሚገባ፣ በየትኛው ቀን እንደሚወጣ፣ ከዚያም በኋላ ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ ባየሁት መጠን ተራው ቆጣቢ ገንዘብ የሚያጣው በመቶኛው ድርድር ላይ ሳይሆን በእነዚህ ሁለት ቀናት ላይ ነው።

የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ማለት ገንዘብን ለተወሰነ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ወር ጀምሮ እስከ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ፣ ላለመንካት ቃል ገብቶ በምላሹ ከተራው የቁጠባ ሒሳብ የተሻለ ወለድ መቀበል ነው። ባንኮቻችን በሰነዶቻቸው «የጊዜ ገደብ ተቀማጭ» ቢሉትም በቅርንጫፍ መስኮት ላይ ሠራተኛውም ደንበኛውም «ፊክስድ» ወይም «ታይም ዲፖዚት» ይሉታል። ባንኩ ተጨማሪ ወለድ የሚከፍለው ለእርግጠኝነቱ ነው። የተራ ቁጠባ ገንዘብ ነገ ጠዋት ሊወጣ ይችላል፤ ለአንድ ዓመት የታሰረ ገንዘብ ግን ባንኩ አስልቶ ሊያበድረው የሚችለው ገንዘብ ነው።

የወለዱ ወለል የተቀመጠው በብሔራዊ ባንክ ነው። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብር በ15 በመቶ እንዲረክስ በተደረገበት ወቅት ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የተቀማጭ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎታል። ይህ 7 በመቶ ወለል እንጂ ጣሪያ አይደለም፤ ከዚያ በላይ ያለው ለባንኩና ለደንበኛው ስምምነት የተተወ ነው። ብዙ ቆጣቢ ግን 7 በመቶን መንግሥት የወሰነው ዋጋ አድርጎ ስለሚያየው ከዚያ በላይ መጠየቅ እንደሚቻል አያስብም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ባንኮች ለታሰረ ገንዘብ ከወለሉ እጅግ ከፍ ያለ ወለድ መክፈል የጀመሩት የገንዘብ እጥረት ስላጋጠማቸው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር 20 በመቶ የሚሆነውን የመንግሥት ቦንድ እንዲገዙበት ተደረገ፤ በነሐሴ ወር በዚያው ዓመት ብሔራዊ ባንክ ዓመታዊ የብድር ዕድገታቸውን በ14 በመቶ ገደበው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የፖሊሲ ወለድ ምጣኔ፣ ማለትም ብሔራዊ ባንክ ለገንዘብ ዋጋ መነሻ አድርጎ የሚያስቀምጠው ወለድ፣ 15 በመቶ ሆኖ ታወጀ። ባንኮች እርስ በርስ በዚህ ምጣኔ አካባቢ ሲበዳደሩ ለአንድ ቆጣቢ 7 በመቶ ብቻ መክፈል ለባንኩ እጅግ ርካሽ ገንዘብ ማግኘት ነው። ትልልቅ ድርጅቶች፣ የጡረታና የመድን ተቋማት ይህን ያውቁታል፤ የሚያስቀምጡትም ተደራድረው ነው። መምህሩ፣ ነጋዴዋ፣ ከዐረብ አገር የተመለሰችው ሠራተኛ ግን መስኮቱ ላይ የተነገራቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

ለመደራደር የሚመች ወቅትም አለ። የባንኮች የሒሳብ ዓመት የሚዘጋው በፈረንጆቹ ሰኔ 30፣ በእኛ ሰኔ 23 ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የተቀማጭ ማሰባሰብ ዕቅዱን ለማሟላት ይሯሯጣል፤ ሠራተኞቹም «ታርጌት» የሚሉት ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። በግንቦት መጨረሻ ላይ 300,000 ብር ይዞ የሚመጣ ደንበኛ በጥቅምት ከሚመጣው የተሻለ የሚሰማው ጆሮ ያገኛል። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ በራሱ ሥልጣን የማይፈቅደው ከሆነ ጥያቄውን ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሊልከው ይችላል፤ ይህን እንዲያደርግ በትህትና መጠየቅ መብት ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ቀን እንመለስ። ገንዘቡ ያለው ሒሳቡ በሚከፈትበት ባንክ ውስጥ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ከቁጠባው ወደ ጊዜ ገደብ ሒሳቡ የሚደረገው ዝውውር የደቂቃዎች ጉዳይ ስለሆነ ወለዱ በዚያው ቀን መቆጠር ይጀምራል። ችግሩ የሚመጣው ገንዘቡ ከሌላ ባንክ ሲመጣ ነው፤ የተሻለ ወለድ ፍለጋ የሚወጣ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ነው። በባንኮች መካከል ገንዘብ የሚሄድባቸው ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው የባንኮቹና የብሔራዊ ባንክ የጋራ ንብረት በሆነው በኢትስዊች በኩል ከስልክ መተግበሪያ የሚደረገው ፈጣን ዝውውር ሲሆን፣ ሁለተኛው በብሔራዊ ባንክ የሚተዳደረው የትልልቅ ክፍያዎች ሥርዓት ነው። የመጀመሪያው ፈጣን ቢሆንም የቀን ጣሪያ አለው። ሁለተኛው ትልቅ መጠን ይሸከማል፤ ነገር ግን በሥራ ሰዓት የሚሠራ፣ በቅጽ የሚሞላና በሰው እጅ የሚያልፍ ነው። በእጅ የተጻፈ ቁጥር የሚሳሳተውም እዚያ ነው።

ይህን ካወቅን ጥንቃቄው ከራሱ ይመጣል። ገንዘቡ ትልቅ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመላክ አስቀድሞ ትንሽ ብር በመተግበሪያ ልኮ መድረሱን ማረጋገጥ ይቻላል፤ በዚህም የሒሳብ ቁጥሩም የተቀባዩም ስም ትክክል መሆናቸው ይታወቃል። መተግበሪያዎቹ የተቀባዩን ስም ከመላኩ በፊት ስለሚያሳዩ ያንን ስም ሳያነቡ ማለፍ አይገባም። ስም እኛ ዘንድ ከባድ ጉዳይ ነው። በአንዱ ባንክ እስከ አያት ድረስ፣ በሌላው እስከ አባት ብቻ ይመዘገባል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ «ጽ»ን በአንድ መልክ ሌላው በሌላ መልክ ይጽፈዋል። የፋይዳ መታወቂያ ወደ ባንኮች መግባቱ ይህን ችግር እያቃለለው ነው፤ ሆኖም ከፋይዳ በፊት የተከፈቱ የቆዩ ሒሳቦች ላይ የተለያየ አጻጻፍ ዛሬም ይገኛል። ከመላኩ በፊት በሁለቱም ባንኮች የተመዘገበውን ስም ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ዓርብን መሸሽ ነው። ዝውውሩ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ጠዋት ቢደረግ፣ ስሕተት ቢፈጠር እንኳ ለማረም ሦስትና አራት የሥራ ቀናት ከፊት አሉ። በበዓል ዋዜማ፣ በተለይም በመስከረምና በጥር የበዓላት ሰሞን የሚላክ ገንዘብ መንገድ ላይ የመቆየት ዕድሉ ይሰፋል። ገንዘቡ ከመላኩ በፊት ያለው ወለድ በሚታሰብበት የቁጠባ ሒሳብ ውስጥ እስከሆነ ድረስ አንድ ሁለት ቀን መጠበቅ ከባድ ጉዳት የለውም፤ ከላኪው ወጥቶ ተቀባዩ ጋር ሳይደርስ የሚቀመጥባቸው ቀናት ግን ሙሉ ኪሳራ ናቸው።

በዚህ ደረጃ ላይ ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምናገረው የገንዘቡ መድረሻ በራስ ስም የተከፈተ ሒሳብ ብቻ መሆን እንዳለበት ነው። ቀኑ ሳያልፍ ወለዱን ላስይዝልህ በሚል ወደ ግል ሒሳብ እንዲላክ የሚጠይቅ ማንኛውም ሰው፣ የባንኩን መታወቂያ አንገቱ ላይ ቢያንጠለጥል እንኳ፣ ጥያቄው በራሱ ሊያስቆመን ይገባል። በስልክ የሚደርሰውን የማረጋገጫ ቁጥር የሚጠይቅ ደዋይም እንደዚሁ ነው። ትክክለኛ የጊዜ ገደብ ውል የደንበኛውን ስም፣ የሒሳብ ቁጥር፣ የገባውን መጠን፣ የወለዱን ምጣኔ፣ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቀን ይዞ፣ በባንኩ ማኅተም ተደግፎ በእጅ የሚሰጥ ሰነድ ነው። ገንዘቡ ሲገባ ውሉ በዚያው ቀን ካልተሰጠ የሚጀምርበት ቀን የትኛው እንደሚሆን በጽሑፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ውሉ የተፈረመበት ቀን ነው ወይስ ገንዘቡ የገባበት? በእኔ ጉዳይ ባንኩ የወሰደው የፊርማውን ቀን ነበር፤ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አንዱን ቀን አላጣም ነበር።

ውሉ ውስጥ ከመቶኛው ቀጥሎ የሚታየው ወለዱ መቼ እንደሚከፈል ነው። አንዳንዱ ውል በየወሩ፣ ሌላው በየሩብ ዓመቱ፣ ሌላው መጨረሻ ላይ ይከፍላል። አንድ ሚሊዮን ብር ለአንድ ዓመት በ14 በመቶ ተቀምጦ ወለዱ መጨረሻ ላይ ቢከፈል 140,000 ብር ይሆናል። ይኸው ገንዘብ በ13.5 በመቶ ተቀምጦ ወለዱ በየወሩ ወደ ቁጠባ ሒሳብ ቢገባና በዚያ በ7 በመቶ ቢቀመጥ በግምት 139,300 ብር ያስገኛል። ልዩነቱ 700 ብር ገደማ ነው፤ በምትኩ ግን በየወሩ ከ11,000 ብር የሚበልጥ ገንዘብ በእጅ ይኖራል። በወለዱ ቤት ኪራይ ለሚከፍል ጡረተኛ ዝቅተኛው መቶኛ የተሻለው ውል ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

የቀን አቆጣጠሩም ትኩረት ይፈልጋል። የባንኮች የኮምፒውተር ሥርዓት የሚቆጥረው በፈረንጆች ቀን ሲሆን እኛ ኑሯችንን የምንቆጥረው በራሳችን ነው። መስከረም 8 ቀን ለአንድ ዓመት የገባ ገንዘብ የሚወጣው በቀጣዩ መስከረም 8 አካባቢ ነው። የልጆች ትምህርት ቤት ግን የምዝገባና የመጀመሪያ ክፍያውን የሚጠይቀው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከሐምሌ አንስቶ እስከ ጳጉሜ ባለው ጊዜ ነው። እንዲህ ያለ ወላጅ ገንዘቡን የሚያስረው ለአሥራ ሁለት ወር ሳይሆን ለአሥር ወር ቢሆን ይሻለዋል። ለዚህ ነው ከባንኩ ጋር ስንነጋገር ከምጣኔው ይልቅ ገንዘቡ በሚያስፈልገን ቀን መጀመር ያለብን። ቀኑን ወደ ኋላ ቆጥሮ ውሉን መምረጥ እንጂ፣ ውሉን መርጦ ኑሮን በእሱ ላይ ማስተካከል ብዙ ጊዜ ውል በማፍረስ ያበቃል።

ውል ማፍረስ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በቁጥር እንየው። 500,000 ብር ለአንድ ዓመት በ14 በመቶ ተቀምጦ በስምንተኛው ወር የቤተሰብ ሕመም ቢመጣና ገንዘቡ ቢያስፈልግ፣ የተለመደው የውል ድንጋጌ ወለዱን ወደ ተራው የቁጠባ ምጣኔ የሚመልስ ነው። በ14 በመቶ ቢሆን የስምንት ወሩ ወለድ 46,667 ብር ነበር፤ በ7 በመቶ ሲሰላ 23,333 ብር ይሆናል። ግማሹ ሄደ ማለት ነው። ወለዱ በየወሩ ሲከፈል የቆየ ከሆነ ደግሞ ባንኩ ልዩነቱን ከዋናው ገንዘብ ላይ ይቀንሳል፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠውም እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ካስገባው ያነሰ ገንዘብ የሚቀበል ይመስለዋል።

ከዚህ የሚያድኑ ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው መከፋፈል ነው። 500,000 ብሩ በአንድ ውል ከመታሰር ይልቅ 200,000፣ 200,000 እና 100,000 ተብሎ በሦስት ውል ቢቀመጥ፣ የመጀመሪያው በአራተኛው ወር፣ ሁለተኛው በስምንተኛው፣ ሦስተኛው በአሥራ ሁለተኛው ወር እንዲደርስ ማድረግ ይቻላል። ችግር ቢመጣ የሚፈርሰው አንዱ ብቻ ነው፤ ያውም ለመድረስ የቀረበው ካለ እሱን መጠበቅ ይቻል ይሆናል። እቁብ የሚጥሉ ሰዎች ይህን አሠራር በሌላ መልኩ ያውቁታል፤ ዕጣው በተለያየ ጊዜ እንዲደርስ በሁለት ሦስት እቁብ የሚገባው ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ባንኮች ለትልቅ መጠን የተሻለ ምጣኔ ስለሚሰጡ መከፋፈል በመቶኛው ላይ ትንሽ ሊያስቀንስ ይችላል፤ ያ ቅናሽ ግን የመፍረስ አደጋ መድን አድርገን ልናየው የሚገባ ነው። ሁለተኛው መንገድ ተቀማጩን ዋስትና አድርጎ መበደር ነው። የሚያስፈልገው ገንዘብ ትንሽና የቀረው ጊዜ አጭር ከሆነ ለሁለት ወር የሚከፈለው የብድር ወለድ ውሉን በማፍረስ ከሚታጣው ሊያንስ ይችላል። ሁለቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ አስቀምጦ ማነጻጸር ነው የሚያስፈልገው፤ በጭንቀት ሰዓት ግን ይህን ስሌት የሚሠራ ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ውሉ ሲፈረም አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

ከሁሉም በላይ ገንዘብ በዝምታ የሚጠፋው ግን በመጨረሻው ቀን ላይ ነው። ጎረቤቴ የሆነች ሴት ከቤይሩት የብዙ ዓመት ልፋቷን ይዛ ተመልሳ 300,000 ብር ለአንድ ዓመት በ13 በመቶ አስቀመጠች። ውሉን በላስቲክ ጠቅልላ ከልጇ የክትባት ካርድ ጋር በሣጥን ውስጥ ከታዋለች። ቀኑ ሲደርስ ማንም አላስታወሳትም፤ እሷም ገንዘቡ እንደገባ ወለዱን እያገኘ የሚቀጥል መስሏት ነበር። ውሉ ግን የሚለው ጊዜው ሲያበቃ ገንዘቡ ወደ ቁጠባ ሒሳቧ ይዛወራል ነው። አምስት ወር አልፎ ለሌላ ጉዳይ ባንክ ስትሄድ ነው የሰማችው። በ13 እና በ7 በመቶ መካከል ያለው የአምስት ወር ልዩነት 7,500 ብር ነው፤ ለእሷ ይህ የሁለት ወር የቤት ኪራይ ነበር። «ገንዘቡን እንደሆነ እነሱ ሲጠቀሙበት ነው የከረሙት» አለችኝ፤ ልክ ነበረች።

ተቃራኒው ጉዳትም አለ። አንዳንድ ውሎች ደንበኛው ካልመጣ በራሳቸው ለተመሳሳይ ጊዜ የሚታደሱ ናቸው፤ በዚያን ቀን ባለው ምጣኔ እንጂ በቀድሞው አይደለም። ቀኑ አልፎ በሳምንቱ የሚመጣ ሰው ገንዘቡ ለሌላ ዓመት ታስሮ ያገኘዋል፤ ለማውጣትም የማፍረሻ ድንጋጌው ይጠብቀዋል። ስለዚህ ሲፈረም የሚጠየቀው ጥያቄ ግልጽ ነው፤ ቀኑ ሲደርስ እኔ ካልመጣሁ ገንዘቤ የት ይሄዳል? መልሱ በቃል ሳይሆን በውሉ ላይ መጻፍ አለበት። ብዙ ባንኮች በጽሑፍ የተሰጠ መመሪያን ይቀበላሉ፤ ዋናው ይታደስ ወለዱ ወደ ቁጠባዬ ይግባ፣ ወይም ሁሉም ወደ ቁጠባዬ ይግባ የሚል አንድ መስመር አስቀድሞ ማስገባት ይቻላል። ባለቤቱ በሕይወት ከሌለም ነገሩ ይከብዳል፤ ወራሾች ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ይዘው እስኪመጡ ባንኩ ገንዘቡን አይለቅም፤ ውሉ መኖሩን የሚያውቅ ሰው በቤት ውስጥ ከሌለ ደግሞ ማንም ላይጠይቀው ይችላል። ቢያንስ አንድ የቤተሰብ አባል የባንኩን ስምና ቀኑን ሊያውቅ ይገባል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የብሩን ቁጥር ይመለከታል፤ ብሩ የሚገዛው ነገር ሌላ ጉዳይ ነው። በግንቦት 2014 ዓ.ም. ዓመታዊው የዋጋ ግሽበት 37 በመቶ ደርሶ ነበር። በዚያን ጊዜ በ7 በመቶ የተቀመጠ ገንዘብ እያደር ይመነምን ነበር፤ በ14 በመቶ የታሰረውም ቢሆን ከመመንመን አላመለጠም። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ግሽበቱ ወደ 14 በመቶ አካባቢ ሲወርድ ጥሩ የተደራደረ ቆጣቢ የገንዘቡን አቅም ለመጠበቅ ተቃረበ፤ በ7 በመቶ የተወው ግን ያኔም ግማሽ መንገድ ላይ ነበር። ከወለዱ ላይ ደግሞ ግብር ይቀነሳል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በባንክ ቁጠባ ወለድ ላይ የጣለው 5 በመቶ ሲሆን፣ አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ በፊርማው ቀን በተቀማጩ ወለድ ላይ ስንት እንደሚቀነስ ባንኩን መጠየቅ ይገባል። ግብሩን የሚቀንሰው ራሱ ባንኩ ስለሆነ ቆጣቢው የሚያየው የተጣራውን ነው፤ ለማነጻጸርም የሚሆነው የተጣራው ነው።

ከውጭ አገር ገንዘብ ለሚልኩ ወገኖች ይህ ሒሳብ ሌላ መልክ አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት በባንክ 1,000 ዶላር መንዝሮ የተገኘውን 57,000 ብር ለአንድ ዓመት በ14 በመቶ ያስቀመጠ ሰው፣ 5 በመቶ ግብር ተቀንሶ በዓመቱ 64,581 ብር ያገኛል። በዚያን ጊዜ ዶላሩ ከ130 ብር በላይ ሆኖ ስለነበር ያ ሁሉ ገንዘብ 500 ዶላር እንኳ አይሞላም። ወለዱ አልተቋረጠም፣ ውሉም አልፈረሰም፤ ሆኖም የልፋቱ ግማሽ ሄዷል። ስለዚህ ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ያለ ሰው ብር ውስጥ ገብቶ መታሰር ያለበት ገንዘቡን በመጨረሻ እዚህ አገር በብር የሚያወጣው ከሆነ ነው፤ ለእናቱ ቤት ማሠሪያ፣ ለወንድሙ ትምህርት። ወደ ዶላር ሊመልሰው የሚያስብ ከሆነ በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን የተፈቀደውን የውጭ ምንዛሪ ተቀማጭ መጠየቅ ይሻለዋል። ወለዱ ያነሰ ነው፤ የሚጠብቀው ግን ዋናውን ነው።

ስለ ደኅንነቱም አንድ ነገር ልበል። በ2013 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 482 የተቋቋመው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ አንድ ባንክ ቢወድቅ ለእያንዳንዱ ቆጣቢ በእያንዳንዱ ባንክ እስከ 100,000 ብር ድረስ ይሸፍናል። ይህ ማለት በአንድ ባንክ 600,000 ብር ያሰረ ሰው መድን ያለው በአንድ ስድስተኛው ላይ ብቻ ነው። በአገራችን የግል ባንክ ወድቆ ቆጣቢዎች ባዶ እጃቸውን የቀሩበት ጊዜ በቅርብ ትውስታ የለም፤ ቢሆንም ለተጨማሪ አንድ በመቶ ሲባል ሁሉንም ገንዘብ ከሌሎቹ ሁሉ የላቀ ወለድ ወደሚሰጥ አንድ ባንክ ከማጎር በፊት፣ ያ ባንክ ከሌሎቹ አብልጦ የሚከፍለው ለምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ገንዘብ እጅግ የቸገረው ባንክ ነው ውድ ገንዘብ የሚገዛው።

ከዚህ በላይ የዘረዘርኩት ጥንቃቄ ሁሉ በቆጣቢው ትከሻ ላይ የተጫነ ነው፤ ይህ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም። ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አውጥቷል፤ መንፈሱም ደንበኛው የሚፈርመውን በግልጽ ተረድቶ እንዲፈርም ነው። ለጊዜ ገደብ ተቀማጭ ይህ መንፈስ በሁለት ቀላል ግዴታዎች ሊተረጎም ይችላል። አንደኛው፣ ከሌላ ባንክ የመጣ ገንዘብ ተቀባዩ ባንክ ከገባበት ቀን ጀምሮ ወለድ እንዲታሰብበት፣ ውሉ ዘግይቶ ቢፈረምም፤ ገንዘቡን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እየተጠቀመበት ያለው ባንኩ ነውና። ሁለተኛው፣ ውሉ ከማብቃቱ 15 ቀን አስቀድሞ ባንኩ በአማርኛ ወይም ደንበኛው በሚያነበው ቋንቋ የስልክ መልእክት እንዲልክ ነው፤ ቀኑ፣ መጠኑ፣ ደንበኛው ካልመጣ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድና በስንት በመቶ እንደሚቀመጥ የሚገልጽ መልእክት። ባንኮቹ አምስት ብር ሲተላለፍ እንኳ በሰከንድ ውስጥ መልእክት ይልካሉ፤ ሥርዓቱ አለ፣ ቀኑም በኮምፒውተራቸው ውስጥ ተመዝግቧል። ጎረቤቴ አሁን በጎረቤት ልጅ ስልክ ላይ ማስታወሻ አስሞልታ ቀኑን እየጠበቀች ነው፤ የሚቀጥለው ውሏ የሚያበቃው ነሐሴ 20 ቀን ነው፣ የልጇ ትምህርት ቤት ክፍያ ከመጠየቁ በፊት።